ፊትዝጀራልድን ያሰጠማት የሠራተኞቿ ስንፍና ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሦስቱም «አንተ የሚኒሶታ ሰው ነህ፣ እስቲ አንብበው» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ ስለ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ነው፤ በ1975 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባለው ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ከነ29 ሠራተኞቿ ስለሰጠመችው የጭነት መርከብ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በእኛ ግን ቀኑ ጥቅምት 30 ቀን 1968 ነበር።

አጻጻፉ ይስባል፤ አንዴ ከጀመሩት አይለቅም። የከነከነኝ መደምደሚያው ነው። ጸሐፊው ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ መርከቧ ገና ስትሠራ ገደ ቢስ ነበረች። አርጅታ ስለነበር ሐይቅ እንኳ መሻገር አቃታት። ካፒቴኑ ማስጠንቀቂያ ንቆ ወጣ። ሠራተኞቹ የጭነት ክዳኑን በደንብ አልቆለፉም። ማዕበሉ ለሁለት ሰበራት። ማንም ሊያድናቸው አልወጣም። እና በመጨረሻ፦ «የገደላቸው የራሳቸው ስንፍና ነው።»

እኔ የመርከብ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ከሐይቁ ዳር ከዱሉት ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ርቀት ላይ ነው የምኖረው፤ ይህን ታሪክም ለዓመታት ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

«ገደ ቢስ ነበረች።» ይህን ቶሎ ልለፈው። ጁን 7 ቀን 1958 ዲትሮይት አጠገብ ሪቨር ሩዥ በተባለ ቦታ መጀመሪያ ወደ ውሃ ስትገባ፣ የሻምፓኙ ጠርሙስ አልሰበር ብሎ በሦስተኛው ምት ነው የተሰበረው። ሊያዩ ከመጡት አንዱም እዚያው በልብ ሕመም ሞቷል። ይህ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን መርከቧ 17 ዓመት ሠርታለች። ገደ ቢስነት የ17 ዓመት እረፍት ይወጣል እንዴ?

ጽሑፉ እነዚህን 17 ዓመታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የዘለላቸው። እኔ ትንሽ ልቆይባቸው፤ ምክንያቱም ኋላ ለሚመጣው ክርክር ያስፈልጉናል።

መርከቧን ያሠራት የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ ሚልዋኪ የሚገኘው ኖርዝዌስተርን ሙችዋል። ስሟም የኩባንያው ሊቀመንበር ስም ነው። (የኢንሹራንስ ሊቀመንበር ስም የያዘች መርከብ እንዲህ ትሆናለች ብሎ ማን ጠረጠረ!) ርዝመቷ 222 ሜትር ነበር፤ መጀመሪያ ወደ ውሃ ስትገባ በታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ላይ እሷን የሚያክል አልነበረም። ሥራዋ አንድ ዓይነት ነው፤ ታኮናይት መሸከም። ታኮናይት ማለት ብረት ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ እንደ ብይ የተድቦለቦለ ነገር ነው። ከሚኒሶታና ከዊስኮንሲን ወደቦች ትጭናለች፣ ዲትሮይትና ቶሊዶ አካባቢ ላሉ የብረት ፋብሪካዎች ታራግፋለች፣ ትመለሳለች። አንዱ ደርሶ መልስ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። እስከ መጨረሻዋ ቀን ወደ 750 ደርሶ መልስ ሠርታለች። የጭነት ሪከርድም ደጋግማ ሰብራለች፤ ብዙውን ጊዜ የራሷን።

ከሚቺጋን የሚመጣ መኪና የሚሠራበት ብረት ከዚህ መስመር ነበር የሚወጣው። ፊትዝ የሽርሽር መርከብ አልነበረችም። ለፍታ አዳሪ ነበረች።

«ያረጀች ነበረች።» 17 ዓመት ለባሕር መርከብ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ጨው ብረት ይበላል። የሐይቅ ውሃ ግን ጨው የለውም፤ ስለዚህ የሐይቅ መርከብ ዕድሜዋ ረጅም ነው። ያን ሌሊት ከኋላዋ ስትከተላት የነበረችው አርተር አንደርሰን ወደ ውሃ የገባችው በ1952 ነው፤ ከፊትዝ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። እሷ ግን ያን ማዕበል አልፋ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሠርታለች።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚጠቅማቸውን ማስረጃ ሳያነሱት ቀርተዋል። በ1969 መርከቧ መሬት ነክታለች። በ1970 ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታለች። የቦይ ግድግዳም ደጋግማ መትታለች። ከመስጠሟ አሥር ቀን ገደማ በፊት በተደረገ ምርመራ ደግሞ በክዳኖቹ አፍ አካባቢ ጥቃቅን ጉዳት ተገኝቶ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሥራ ወቅት ተጠግኖ ይድረስ ተባለና እንድትቀጥል ተፈቀደላት። ይህ ሁሉ ግን ስለ እርጅና አይናገርም። ብዙ ስለሠራች ነው የሚናገረው፣ እና «ኋላ ይጠገናል» ስለተባለ።

«ሐይቅ እኮ ነው።» ይህችን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኛ ሐይቅ ሲባል ጣና ነው የሚታየን፣ ወይ ሐዋሳ። ታንኳ፣ ዓሣ፣ ማዶ ያለ ዳገት። ሱፒሪየር 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣናን ከ20 ጊዜ በላይ ያስቀምጣል። ከዳር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቁ ቦታ 400 ሜትር ያልፋል። ዳሩ ላይ ቆሜ ማዶ ፈልጌ አጥቻለሁ። ውሃው በበጋም እጅ ያደነዝዛል፤ በኖቬምበርማ ሰው ገብቶ ብዙ አይቆይም።

ያን ዕለት ነፋሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። የአንደርሰን ካፒቴን ጄሲ ኩፐር ኋላ እንደተናገረው፣ ማታ ላይ የመቷቸው ሁለት ትልልቅ ሞገዶች ቁመታቸው ወደ 10 ሜትር ይደርስ ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ እንደማለት ነው። አቫፎርስ በተባለች የስዊድን መርከብ ላይ ለነበረው መንገድ መሪ፣ የፊትዝ ካፒቴን በሬዲዮ እንዲህ ያለ ከባድ ማዕበል እምብዛም እንዳላየ ነግሮታል። ይህን የተናገረው ኧርነስት ማክሶርሊ ነው፤ የ63 ዓመት ሰው፣ ዕድሜውን በውሃ ላይ የጨረሰ።

«ማስጠንቀቂያ ንቆ ወጣ።» እዚህ ሰዓቱን እንይ። ፊትዝ ኖቬምበር 9 ቀን፣ እሑድ፣ ሱፒሪየር በምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ 26,116 ቶን ታኮናይት ጭና ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ወጣች። የአየር ትንበያው ማዕበሉ ከሐይቁ በስተደቡብ ያልፋል ይል ነበር። የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያው የወጣው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ወደ አምስት ሰዓት ከተጓዘች በኋላ። ወደ ከባድ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ከፍ ያለው ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። ገና ያልወጣ ማስጠንቀቂያ እንዴት ተደርጎ ይናቃል?

ማክሶርሊም ሲሰማ ዝም አላለም። ከኩፐር ጋር ተነጋግረው የተለመደውን አጭር መንገድ ትተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳ ዳር ተጠጉ። ዳሩ ነፋሱን እንዲከልላቸው ነው። መንገዱ ይረዝማል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጊዜ ይወስዳል። ለጥቅም የሚሮጥ ሰው እንዲህ አያደርግም።

እርግጥ ማክሶርሊ በመጥፎ አየር መልሕቅ ጥሎ ከመጠበቅ መግፋትን የሚመርጥ ካፒቴን እንደነበር የሚያውቁት ተናግረዋል። ይህን አልክድም። ግን አንደርሰንም ያው መንገድ ላይ፣ ያው ማዕበል ውስጥ ነበረች። ኩፐርን ግዴለሽ ያለው የለም፤ መርከቡ ስለተረፈች ይሆን?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

«ክዳኑን አልቆለፉም።» ጸሐፊው ይህን እንደ ተዘጋ ፋይል ነው የሚያቀርቡት። «ምርመራው አረጋግጧል» ይላሉ። የትኛው ምርመራ?

ፊትዝ ከላይ 21 የጭነት አፎች ነበሯት። እያንዳንዱ አፍ ላይ አንድ የብረት ክዳን ይጫናል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በ68 ማጥበቂያዎች ይያዛል። 21 ጊዜ 68 ስንት ነው? 1,428። እያንዳንዱን በእጅ፣ አንድ በአንድ። በጥሩ አየር ሲወጡ የተወሰኑትን ብቻ አጥብቆ ሌላውን በመንገድ ላይ መጨረስ በሐይቁ መርከቦች ዘንድ የተለመደ እንደነበር ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ጽፏል።

በሜይ 1976 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካሜራ ያለው መሣሪያ ወደ ታች ላከ። መርከቧ 160 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝታለች። በፎቶዎቹ ላይ ብዙዎቹ ማጥበቂያዎች ሳይጎዱ ታዩ። ኮስት ጋርድ በ1977 ከዚህ ተነስቶ፣ ክዳኖቹ ውሃ እንዳይገባ አድርገው ስላልገጠሙ ቀስ በቀስ ውሃ ገብቶባት ሰጠመች የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ጽሑፉ የያዘው ይህን ብቻ ነው።

ግን ምርመራው አንድ አልነበረም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1978 የራሱን ሪፖርት አወጣ። እሱ ደግሞ ክዳን በሞገድ ክብደት ተሰብሮ ውሃው በአንዴ ገባ አለ። በደንብ ያልተቆለፈ ክዳንና የተሰበረ ክዳን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሠራተኛውን ይከሳል፤ ሁለተኛው ክዳኑን ያን ያህል ስስ አድርጎ የሠራውን። ከቦርዱ አባላት አንዱ ደግሞ በዚህም አልተስማማም። እሱ ያለው መርከቧ ካሪቡ ደሴት አጠገብ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሆዷን መትታለች ነው።

የመርከብ ባለቤቶቹ ማኅበርም ያለው ይህንኑ ነው። ኩፐርም በራዳር ሲያያት ከዚያ ቦታ እሱ ከሚደፍረው በላይ ተጠግታ እንዳለፈች ተናግሯል። በ1976 ካናዳውያን ቦታውን እንደገና ሲለኩት ጥልቀት የሌለው ክፍል ካርታው ላይ ከተሣለው አንድ ማይል ያህል ወደ ምሥራቅ ይዘልቅ ነበር። ማለትም በዚያን ጊዜ የነበረው ካርታ ራሱ ስህተት ነበር። ግን ሚዛን ለመጠበቅ፦ ጠላቂዎች ቦታውን ፈትሸው መርከብ የጫረው ምልክት አላገኙም። ይህም ጥያቄ ክፍት ነው።

ስለዚህ ሦስት መልስ አለ። ከሦስቱ ሟቾቹን የሚከሰው አንዱን መርጦ «ተረጋግጧል» ማለት ምን ይባላል?

ማክሶርሊ ራሱ የተናገረውንም እናስታውስ። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለአንደርሰን በሬዲዮ እንዲህ አለ፦ የጎን አጥር ወድቋል፣ ሁለት የአየር ማስወጫዎች ተጎድተዋል ወይም ሄደዋል፣ መርከቧ ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። ፓምፖች እየሠሩ ነው? ሁለቱም፣ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ራዳሮች ጠፉበት። የዋይትፊሽ ፖይንት የመብራት ማማና የሬዲዮ ምልክትም ያን ዕለት አልሠራም። ሰውየው በጨለማ፣ ያዘነበለች መርከብ ይዞ፣ የአንደርሰንን ዓይን ተበድሮ ነበር የሚጓዘው።

እና ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር ይኸውና። ለእኔ ከክዳኑ የሚበልጠው እሱ ነው።

መርከብ ስትጫን ወደ ታች ትወርዳለች። ከውሃው በላይ የሚተርፈው የጎኗ ከፍታ በሕግ የተወሰነ ነው። ፊትዝ ስትሠራ አንድ ልክ ነበራት። ከዚያ በ1969፣ በ1971 እና በ1973 ሕጉ ሦስት ጊዜ ተሻሻለ፤ ሦስቱም ጊዜ የበለጠ እንድትጫን ፈቀደ። ተደምሮ ከውሃ በላይ የምትተርፈው ከፍታ መጀመሪያ ከነበረው በ1 ሜትር ገደማ ቀነሰ። አንድ ሜትር ለእንዲህ ያለ ማዕበል ትንሽ አይደለም። ሞገዱ ከላይዋ ለመውጣት አንድ ሜትር ቀለለው ማለት ነው። ክዳኖቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ማጥበቂያዎቹም የድሮዎቹ ናቸው።

በአገርኛ ልበለው። አንድ አይሱዙ አለ እንበል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በሦስት ደብዳቤ የጭነት ልኩን ሦስት ጊዜ ከፍ አደረገለት። ፍሬኑ ያው፣ ጎማው ያው። አንድ ቀን በዝናብ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። መርማሪው መጣና «ረዳቱ ሸራውን በደንብ አላሰረም» ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ሸራው ሳይታሰር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስቱን ደብዳቤዎች ሳያነሱ ረዳቱን ብቻ መጥራት ታሪክ መጻፍ አይመስለኝም።

ለኮስት ጋርድም ፍትሕ ይገባል። የ1977ቱ ሪፖርት ራሱ ያ ቅናሽ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቅርቧል። ጸሐፊው ሪፖርቱን አንብበው ከሆነ ይህን እንዴት ዘለሉት?

ሌላም አለ። የጭነት ክፍሏ ውስጥ ውሃ የሚያግድ ግድግዳ አልነበረም፤ የነበሩት መለያዎች ውሃ አይከለክሉም። ስለዚህ አንድ ቦታ የገባ ውሃ እንደልቡ ይሄዳል። በጭነት ክፍሉ ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያሳይ መሣሪያም አልነበራትም። ታኮናይት ደግሞ የብይ ክምር ነው፤ ውሃው በመሐል እየሰረገ ይደበቃል እንጂ ከላይ አይታይም። ከሥር ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚለካ የጥልቀት መሣሪያም አልነበራትም። ይህ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ነበር። ምሽት 1 ሰዓት ከ10 ላይ አንደርሰን «እንዴት ናችሁ?» ስትላቸው ማክሶርሊ «እየተቋቋምነው ነው» አለ። ይህን ሲል ውሸት እየተናገረ አልመሰለኝም። ሆዷ ውስጥ ያለውን የሚያይበት ነገር አልነበረውም። ከደቂቃዎች በኋላ ከራዳር ጠፋች። የድረሱልን ጥሪ የለም፣ አንድ ቃል የለም።

«ማዕበሉ ለሁለት ሰበራት።» ለሁለት መሰበሯ እውነት ነው። የፊት ክፍሏ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ የኋላው ተገልብጦ ተኝቷል፣ መሐሉ ተፈረካክሷል። የት ተሰበረች የሚለው ነው ጥያቄው። ሁለቱ ክፍሎች ከታች የተራራቁት 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ላይ ተሰብራ ቢሆን ይበልጥ ይራራቁ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መርከቧ 222 ሜትር ናት፣ ውሃው 160 ሜትር። አፍንጫዋ መሬት ሲመታ ጭራዋ ገና ከውሃ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን ብዙ አልተኛሁም።

«ማንም ሊያድናቸው አልወጣም።» ይህ ከሁሉም ያናደደኝ ነው። ኩፐር መርከቧ ከራዳር ስትጠፋበት ብዙም ሳይቆይ ኮስት ጋርድን በሬዲዮ ጠራ። መጀመሪያ ላይ በቁም ነገር አልያዙለትም፤ እንዲያውም የጠፋች ትንሽ ጀልባ አለችና ተመልከትልን አሉት። ደግሞ ነገራቸው። ከዚያ አንደርሰን ዋይትፊሽ ቤይ ገብታ ከማዕበሉ ካመለጠች በኋላ፣ ተመልሰህ ፈልግልን ብለው ጠየቁት። ኩፐር የራሱን መርከብ እንዳያጣ ፈርቷል፤ ፍርሃቱንም በሬዲዮ ተናግሯል። ግን ዞረ። ወደዚያው ማዕበል ተመለሰ። ዊሊያም ክሌይ ፎርድ የተባለች ሌላ መርከብም ከተጠለለችበት ወጥታ ተቀላቀለች።

ያገኙት የሕይወት አድን ጀልባዎችና ስብርባሪ ነው። ከ29ኙ የአንዱም አስከሬን አልተገኘም። ጸሐፊው ወቀሳ ከፈለጉ ሌላ ቦታ አለ፦ ለእንዲህ ያለ ማዕበል የሚመጥን የኮስት ጋርድ መርከብ ቅርብ አልነበረም፤ ከዱሉት የተነሳችው ለመድረስ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። «ማንም አልወጣም» ግን አይባልም። የወጡት ሌሎች ጭነት ጫኞች ናቸው፤ ያው የነሱ ቢጤ ሠራተኞች።

ሚኒሶታ ውስጥ ስፕሊት ሮክ የሚባል አሮጌ የመብራት ማማ አለ፣ ገደል ጫፍ ላይ። በየዓመቱ ኖቬምበር 10 የ29ኙ ስም ይነበብና መብራቱ ይበራል። ስም ሲነበብ «ሰነፍ» ብሎ የሚጨምር የለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ትንሽ ነው ግን ልበለው። ጽሑፉ አናት ላይ የተለጠፈው ፎቶ የፊትዝጀራልድ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለችው መርከብ ጭነት የምታራግፍበት ረጅም የብረት ክንድ ከላይዋ ተጋድሞ ይታያል። ፊትዝ እንዲህ ዓይነት ክንድ አልነበራትም፤ የሚያራግፉላት ወደብ ላይ ያሉ ማሽኖች ነበሩ። ጸሐፊው ፎቶውን ለመቀየር ሲገቡ፣ ያን የክዳኑን አንቀጽም አብረው ቢነኩት።